አፕት «ሁሉም ደህና» እያለ ያልተነሳው ፕሮግራም፦ የአንድ ወተት መሰብሰቢያ ኮምፒውተር ጉዳይ

ቦታው ሱሉልታ ነው፤ ከአዲስ አበባ እንጦጦን ተሻግሮ ወደ ጎጃም በሚወስደው መንገድ ላይ። ወተት መሰብሰቢያው በቀን ሁለት ጊዜ ይረከባል፦ ጠዋት ከ12 ሰዓት ጀምሮ፣ ማታ ደግሞ ከ11 ሰዓት በኋላ። በመረከቢያው ጠረጴዛ ላይ አንድ ዴስክቶፕ ኮምፒውተር አለ። የርክክብ ፕሮግራሙ የአቅራቢውን ስም፣ ሊትሩንና የላክቶሜትሩን ንባብ ይመዘግባል፣ በትንሽ ማተሚያ ደረሰኝ ያወጣል፣ ሌሊት ላይ ደግሞ አንድ ስክሪፕት የቀኑን መዝገብ ቅጂ ከተማ ወዳለው ቢሮ ይልካል። ፕሮግራሙ በሲ ፕላስ ፕላስ ተጽፎ የሊነክስ ሲስተም ለሆነው ኡቡንቱ 20.04 የተሰናዳ ነው። የሠራው ሰው ያስረከበው የተጠናቀቀውን ፋይል ብቻ ሲሆን ሶርስ ኮዱ በማንም እጅ የለም። ከዚህ በታች ያለውን ሥራ ሁሉ ያስከተለው ይህ ነው፤ ሶርስ ኮዱ ቢኖር ኖሮ በአዲሱ ሲስተም ላይ እንደገና ኮምፓይል ተደርጎ ነገሩ በግማሽ ሰዓት ያልቅ ነበር።

የኡቡንቱ 20.04 መደበኛ ድጋፍ በግንቦት 2017 አብቅቷል። ወደ 22.04 ለማሳደግ የተመረጠው ጊዜ ፍልሰታ ነበር። ጾም ሲገባ የወተት ገበያው ይቀዘቅዛል፣ የመረከቢያው ወረፋም ይቀላል፤ ከዚህ አንጻር ምርጫው ጥሩ ነው። ችግሩ ፍልሰታ ክረምት ላይ መዋሉ ነው፤ ዝናቡና ነጎድጓዱ ሲበረታ መብራቱን ማመን አይቻልም።

እሑድ ከሰዓት

ማሳደጉ የተጀመረው እሑድ ነሐሴ 4 ቀን፣ የጠዋቱ ርክክብ እንዳለቀ ከረፋዱ 4 ሰዓት ላይ ነው። ፓኬጆቹ ወርደው መጫን ከጀመሩ በኋላ 7 ሰዓት ከ10 ሲል መብራት ጠፋ። ዩፒኤስ ነበረ፤ ነገር ግን የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም እንዲሉ ባትሪው ያረጀ ስለነበር አራት ደቂቃ እንኳ አልያዘም። መብራት የተመለሰው 9 ሰዓት ገደማ ነው። ኮምፒውተሩ ተነሳ። በኡቡንቱ ፓኬጆችን የሚጭኑትና የሚያነሱት ዲፒኬጂና አፕት ናቸው። ቴክኒሻኑም በተርሚናል የሚደረገውን በቅደም ተከተሉ አደረገ፦ «ዲፒኬጂ --ኮንፊገር -ኤ»፣ ከዚያ «አፕት --ፊክስ-ብሮክን ኢንስቶል»፣ ከዚያ «አፕት ፉል-አፕግሬድ»፣ በመጨረሻም የማይፈለጉ ፓኬጆችን የሚጠርገው «አፕት አውቶሪሙቭ»። እስከ ሦስተኛው ድረስ ያለው ሁሉ ትክክል ነበር። አራተኛውም በራሱ ስህተት አይደለም፤ ግን ጉዳቱ የደረሰው እዚያ ላይ ነው።

10 ሰዓት ላይ አፕት የተበላሸ ፓኬጅ እንደሌለ፣ የሚጫንም የሚነሳም እንዳልቀረ ተናገረ። የርክክብ ፕሮግራሙ ምልክት ሲነካ ግን ምንም መስኮት አልወጣም፤ ኤረርም አልታየም። የማታው ርክክብ በደብተር ተመዘገበ።

በዴስክቶፕ ምልክት የሚነሳ ፕሮግራም ድምፁን አጥፍቶ ከቀረ መጀመሪያ የሚደረገው ያንኑ ፋይል ከተርሚናል ማስነሳት ነው። ሲነሳ የወጣው መልእክት ሊብክሪፕቶ.ኤስኦ.1.1 የተባለውን የጋራ ላይብረሪ (ፕሮግራሞች የሚጋሩትን የተዘጋጀ ኮድ ፋይል) መክፈት አልተቻለም፣ እንዲህ ያለ ፋይል የለም የሚል ነበር፤ የመውጫ ቁጥሩም 127። ይህ ቁጥር ብዙ ጊዜ «ትእዛዙ አልተገኘም» ማለት ስለሆነ ሰው ያሳስታል። እዚህ ፕሮግራሙ ተገኝቷል፤ ያልተገኘው ከሥሩ ያለው ላይብረሪ ነው። ሌሊት መዝገቡን የሚልከው ስክሪፕትም ወድቋል፤ እሱ የሚጠራው ከርል (ፋይል በኢንተርኔት የሚልከው ትእዛዝ) ያወጣው ስም ግን ሌላ ነው፦ ሊብኤስኤስኤል.ኤስኦ.1.1። ሁለት ስም በመታየቱ ሁለት የተለያየ ብልሽት መሰለ። በእውነቱ ሁለቱም ፋይሎች የሚገኙት በአንድ ፓኬጅ፣ ኦፕንኤስኤስኤል የተባለውን የምስጠራ ሶፍትዌር በያዘው በሊብኤስኤስኤል1.1 ውስጥ ነው።

በዚያው ማታ የተሞከረው መፍትሔ ሰው ሁሉ የሚሞክረው ነው፤ አዲሱን ሊብክሪፕቶ.ኤስኦ.3 በአሮጌው ስም የሚጠራ ሊንክ መፍጠር። ለሊብኤስኤስኤልም እንዲሁ ተደረገ። መልእክቱ ተለወጠ እንጂ ፕሮግራሙ አልተነሳም፤ አሁን ደግሞ «ኦፕንኤስኤስኤል_1_1_0 የሚባለው ቨርዥን አልተገኘም» አለ። የሌላ ሰው መታወቂያ ላይ ፎቶ መለጠፍ ማለት ይህ ነው፤ በር ላይ ያሳልፋል፣ ውስጥ ስም ሲጠራ ያዛል። በስሙ ጫፍ ያለው ቁጥር ለጌጥ የተቀመጠ አይደለም። የላይብረሪው አሠራር ከአሮጌ ፕሮግራሞች ጋር እንዳይስማማ ሆኖ ሲለወጥ ሠሪዎቹ ቁጥሩን ይለውጡታል፤ በ1.1 እና በ3 መካከል የሆነውም ይኸው ነው። በተጨማሪ ኦፕንኤስኤስኤል በውስጡ ያሉትን ፈንክሽኖች እያንዳንዳቸውን በቨርዥን ምልክት ያትማቸዋል። ደግነቱ ይህ ማኅተም ስላለ ውሸቱ ወዲያው ይጋለጣል። ማኅተም በሌለው ላይብረሪ ላይ እንዲህ ያለ ሊንክ ቢደረግ ፕሮግራሙ ተነስቶ፣ ሥራ መሀል ላይ ወድቆ ወይም የተሳሳተ ቁጥር ጽፎ ሊገኝ ይችላል። የወተት ሒሳብ በሚሠራ ማሽን ላይ ይህ ካለመነሳት የከፋ ነው።

ሁለት መዝገብ

ሰኞ ጠዋት መጀመሪያ የተደረገው ሊንኮቹን ማጥፋት ነው። ሐሰተኛ ሊንክ ባለበት ቦታ ምርመራ አይሠራም፤ ያልተገኘው ሁሉ የተገኘ ይመስላል።

ቀጥሎ የመብራቱ መቋረጥ ከጥርጣሬ መውጣት ነበረበት። «ዲፒኬጂ --ቬሪፋይ» የተጫኑትን ፋይሎች በመዝገብ ከተያዘው የቼክሰም ቁጥር ጋር ያመሳክራል፤ ተጨማሪ ፓኬጅ ማውረድም አያስፈልገውም። ከጥቂት የኮንፊግ ፋይሎች በስተቀር ምንም አልወጣም። የሚጠበቅም ነው፤ ዲፒኬጂ አንድን ፋይል በአሮጌው ቦታ ከመተካቱ በፊት ዲስኩ ላይ በትክክል እስኪያርፍ ይጠብቃል። በመብራት ምክንያት የተቆረጠ ላይብረሪ ቢኖር ኖሮ ኤረሩ ራሱ «ፋይሉ እጅግ አጭር ነው» ይል ነበር፤ መድኃኒቱም ያንን ፓኬጅ በ«--ሪኢንስቶል» መልሶ መጫን ብቻ ነው። እዚህ ግን መብራቱ ጥፋተኛ አልነበረም። ሁሉም ጣቱን ወደ እሱ ቀስሮ ስለነበር ይህን ማጣራቱ ራሱ ግማሽ መንገድ ነው።

ጥፋቱ በሁለት መዝገቦች መካከል ባለው ልዩነት ውስጥ ነው። አፕት የሚያውቀው ራሱ የጫነውን ብቻ ነው፤ የትኛው ፓኬጅ የትኛውን እንደሚፈልግ የሚያነበውም ከራሱ መዝገብ ነው። ፕሮግራም ሲነሳ ግን አፕትን የሚጠይቅ የለም። ፕሮግራሙን ከላይብረሪዎቹ ጋር አገናኝቶ የሚያስነሳው ሎደር ፕሮግራሙ ውስጥ «ኒድድ» ተብለው የተጻፉትን የላይብረሪ ስሞች አንብቦ በተወሰነ ቅደም ተከተል ይፈልጋቸዋል፦ ፕሮግራሙ ውስጥ የተቀረጸ መንገድ (አርፓዝ) ካለ መጀመሪያ እዚያ፣ ቀጥሎ ኤልዲ_ላይብረሪ_ፓዝ በሚባለው ተለዋዋጭ ውስጥ፣ ቀጥሎ ራንፓዝ በሚባለው ሁለተኛው ዓይነት የተቀረጸ መንገድ፣ ከዚያ ኤልዲኮንፊግ የተባለው ትእዛዝ ባዘጋጀው የላይብረሪ ዝርዝር (/ኢቲሲ/ኤልዲ.ኤስኦ.ካሽ)፣ በመጨረሻም በመደበኛዎቹ የሊብ ፎልደሮች ውስጥ። ራንፓዝ ካለ አርፓዝ አይታይም።

የርክክብ ፕሮግራሙ ያለው /ኦፕት ሥር ነው፤ በእጅ የተገለበጠ ስለሆነ በአፕት መዝገብ የለም። ስለዚህ ኡቡንቱ 22.04 ወደ ኦፕንኤስኤስኤል 3 ሲዞር ሊብኤስኤስኤል1.1 «ማንም የማይፈልገው ፓኬጅ» ሆነ፤ አውቶሪሙቭም ጠረገው። በ/ቫር/ሎግ/አፕት ውስጥ ያለው ሂስትሪ.ሎግ የእሑዱን ጠረጋ ከነሰዓቱ ይዞታል፦ ሊብኤስኤስኤል1.1፣ ሊብአይሲዩ66፣ ሊብዌብፒ6፣ ሌሎችም። አፕት አልዋሸም፤ ያልተጠየቀውን ነው ያልመለሰው።

ከርልስ? እሱ የኡቡንቱ ነው፣ ተሻሽሏል፣ በመዝገብም አለ። ታዲያ ለምን አሮጌውን ሊብኤስኤስኤል ይጠይቃል? የሚፈለጉትን ላይብረሪዎች ከነቦታቸው የሚዘረዝረው «ኤልዲዲ» በከርል ላይ ሲሮጥ ነገሩ ታየ። ከርል የሚጠቀመው ሊብከርል.ኤስኦ.4 የተገኘው በሲስተሙ ፎልደር ሳይሆን በ/ዩዝር/ሎካል/ሊብ ውስጥ ነው። ፕሮግራሙን የሠራው ሰው በጊዜው ሊብከርልን ራሱ ኮምፓይል አድርጎ እዚያ አስቀምጦት ነበር። በኡቡንቱ ላይ የኤልዲኮንፊግ ዝርዝር የሚነበበው በፋይል ስም ፊደል ተራ ነው፤ /ዩዝር/ሎካል/ሊብን የያዘው ሊብሲ.ኮንፍ ደግሞ የሲስተሙን ፎልደር ከያዘው ኤክስ86_64-ሊነክስ-ጂኤንዩ.ኮንፍ ይቀድማል። ስለዚህ በእጅ የተቀመጠው ያሸንፋል። ያ አሮጌ ሊብከርል ሊብኤስኤስኤል.ኤስኦ.1.1ን ይፈልጋል፤ አዲሱን ከርል ይዞት የወደቀው እሱ ነው። አፕት ራሱ ሊብከርልን ስለማይጠቀም ፓኬጅ ማውረዱ አልተስተጓጎለም፤ በዚህም ምክንያት «ኢንተርኔቱ ይሠራል፣ ከርል ግን አይሠራም» የሚል ግራ የሚያጋባ ሁኔታ ተፈጠረ።

ምልክቱ ከማሳደጉ በፊትም ነበረ። የሌሊቱ ስክሪፕት ሎግ ውስጥ፣ ከርል በተጠራ ቁጥር፣ «/ዩዝር/ሎካል/ሊብ/ሊብከርል.ኤስኦ.4፦ የቨርዥን መረጃ የለም» የሚል መስመር ይጻፍ ነበር። ሥራውን ስለማያስቆም ማንም ልብ አላለውም። እንዲህ ያለ መስመር ማለት ግን ፕሮግራሙ ከታሰበለት ላይብረሪ ጋር እየሠራ አይደለም ማለት ነው።

ጥገናው

በመጀመሪያ የጎደለው ሁሉ በአንድ ጊዜ ተለቀመ። ሎደሩ የሚናገረው መጀመሪያ ያጣውን አንዱን ብቻ ስለሆነ እያንዳንዱን ኤረር እየተከተሉ መጠገን ቀን ይፈጃል። በ/ኦፕት እና በ/ዩዝር/ሎካል ሥር ያሉት የመሮጥ ፈቃድ ያላቸው ፋይሎች በ«ፋይንድ» ተፈልገው በእያንዳንዳቸው ላይ ኤልዲዲ ሮጠ፤ «ኖት ፋውንድ» የሚሉት መስመሮች ተመረጡ። ኤልዲዲ አንዳንድ ጊዜ ፕሮግራሙን ራሱን ሊያስነሳ ስለሚችል ምንጩ በማይታወቅ ፋይል ላይ አይሮጥም፤ ለዚያ ፋይሉን ሳያስነሳ የሚያነበው «ሪድኤልፍ -ዲ» አለ። ውጤቱ ሊብክሪፕቶ.ኤስኦ.1.1፣ አሮጌው ሊብከርል የሚፈልገው ሊብኤስኤስኤል.ኤስኦ.1.1፣ ሊብአይሲዩዩሲ.ኤስኦ.66 እና ሊብአይሲዩአይ18ኤን.ኤስኦ.66 ነበር። ሁለቱ የኋለኞቹ አይሲዩ የሚባለው ላይብረሪ ክፍሎች ሲሆኑ ፕሮግራሙ የአቅራቢዎችን ስም በፊደል ተራ የሚደረድርባቸው ናቸው። በ22.04 ላይ ያለው ቁጥር 70 ነው። እዚህም ሊንክ አይሠራም፤ አይሲዩ ቁጥሩን በፈንክሽኖቹ ስም ጫፍ ላይ ሳይቀር ስለሚጽፈው በ66 የሚያልቅ ስም በ70ው ውስጥ የለም።

ከዚያ በ/ዩዝር/ሎካል/ሊብ ያሉት የሊብከርል ፋይሎች ከነሊንኮቻቸው ወደ ሌላ ፎልደር ተዛወሩ። አልጠፉም፤ ቢያስፈልጉ ይመለሳሉ። «ኤልዲኮንፊግ» ሮጠ፣ «ኤልዲኮንፊግ -ፒ» ሊብከርል.ኤስኦ.4ን ከሲስተሙ ፎልደር ማሳየቱ ተረጋገጠ። ከርል ወዲያው ተነሳ። የርክክብ ፕሮግራሙም በዚያው የሲስተሙን ሊብከርል መጠቀም ጀመረ፤ የስሙ ቁጥር ያው 4 ስለሆነ ይስማማሉ።

ለቀሩት ላይብረሪዎች ሦስት መንገዶች ነበሩ። አንደኛው የ20.04ን ሊብኤስኤስኤል1.1 ፓኬጅ እንዳለ በ«ዲፒኬጂ -አይ» መጫን። ይሠራል፤ ስሙ ስለሚለይ ከአዲሱ ጋር አይጋጭም። ማታ ወረፋው በር ላይ ቆሞ ቢሆን ኖሮ ይህን ማድረግ አያስነቅፍም። ግን ማሻሻያ የማይመጣለት የደኅንነት ላይብረሪ ለማሽኑ ሁሉ ክፍት ሆኖ ይቀመጣል፣ ቀጣዩ ማሳደግም መልሶ ሊጠርገው ይችላል። ሁለተኛው ፕሮግራሙን በ20.04 ኮንቴይነር (ከሲስተሙ የተለየ የራሱ ላይብረሪ ባለው ክፍል) ውስጥ ማስገባት ነው፤ ንጹሕ መንገድ ነው፣ ነገር ግን የዩኤስቢ ማተሚያውንና የዴስክቶፑን መስኮት ወደ ውስጥ ማሳለፍ የሚጠይቀው ጥገና ለአንድ የመረከቢያ ጠረጴዛ ይከብዳል። የተመረጠው ሦስተኛው ነው፦ አሮጌዎቹን ላይብረሪዎች ለፕሮግራሙ ብቻ በግሉ መስጠት።

ሊብኤስኤስኤል1.1 እና ሊብአይሲዩ66 ከኡቡንቱ ማከማቻ በስልክ ሆትስፖት ወረዱ፤ ተደምረው 10 ሜጋ ባይት ገደማ ናቸው። መወሰድ ያለበት 20.04 መጀመሪያ የወጣበት ቅጂ ሳይሆን ከማሻሻያዎቹ የመጨረሻው ነው፤ በእጅ የወረደ ፓኬጅን አፕት ስለማያረጋግጠውም የሻ256 ቁጥሩ ከማከማቻው ጋር ተመሳከረ። ፓኬጆቹ አልተጫኑም። «ዲፒኬጂ -ኤክስ» ወደ ጊዜያዊ ፎልደር ፈታቸው፣ ከዚያ የሚፈለጉት ፋይሎች ብቻ በፕሮግራሙ ሥር ወዳለ ሊብ ፎልደር ተገለበጡ። ሊብሲ.ኤስኦ.6 ፈጽሞ አይገለበጥም። ሊብሲ እና ሎደሩ የአንድ ቨርዥን ጥንድ መሆን አለባቸው፤ አሮጌ ሊብሲ በኤልዲ_ላይብረሪ_ፓዝ ውስጥ ከገባ ከ«ኤልኤስ» ጀምሮ ያለው ትእዛዝ ሁሉ ሊወድቅ ይችላል።

ፕሮግራሙ አዲሱን ፎልደር እንዲያውቅ «ፓችኤልፍ» በሚባለው መሣሪያ መንገድ ተቀረጸበት፤ አስቀድሞ የፋይሉ ቅጂ ተይዟል። የተቀረጸው '$ኦሪጂን/../ሊብ' ነው፤ ኦሪጂን ማለት «ፕሮግራሙ ራሱ ያለበት ቦታ» ማለት ነው። በነጠላ ትእምርተ ጥቅስ መሆን አለበት። በድርብ ከተጻፈ ሼሉ (የተርሚናሉ ትእዛዝ ተቀባይ) $ኦሪጂንን ባዶ አድርጎ ይተካዋል፣ መንገዱም /../ሊብ ሆኖ ይቀራል፤ ኤረርም አይሰጥም።

ፕሮግራሙ ሲነሳ አዲስ ኤረር ወጣ፦ ሊብአይሲዩዳታ.ኤስኦ.66 አልተገኘም። ፋይሉ ግን እዚያው ፎልደር ውስጥ ተቀምጧል! ብዙ ሰው ተስፋ ቆርጦ ወደ ሊንክ የሚመለሰው እዚህ ላይ ነው። ምክንያቱ ፓችኤልፍ በነባሪነት የሚቀርጸው ራንፓዝን መሆኑ ነው። ራንፓዝ የሚያገለግለው ፕሮግራሙ በቀጥታ ለሚጠራቸው ላይብረሪዎች ብቻ ነው። ሊብአይሲዩዳታን የሚጠራው ሊብአይሲዩዩሲ ነው፤ ሎደሩም ሊብአይሲዩዩሲን «የአንተ መንገድ የት ነው?» ይለዋል፣ እሱ ደግሞ መንገድ የለውም። መፍትሔው በግል ፎልደሩ ውስጥ ባሉት ላይብረሪዎች ላይም '$ኦሪጂን' መቅረጽ ነው። ፓችኤልፍን «--ፎርስ-አርፓዝ» በሚል ማስገደድም ይቻል ነበር፤ አርፓዝ ወደ ልጅ ልጅ ይወርዳልና። ነገር ግን አርፓዝ ከኤልዲ_ላይብረሪ_ፓዝ ስለሚቀድም ነገ ሌላ ሰው ለምርመራ መንገዱን ማስቀየር ሲፈልግ እንቢ ይለዋል። ኤልዲ_ላይብረሪ_ፓዝን በማስነሻ ስክሪፕት ውስጥ ማስቀመጥም ያስኬዳል፣ ግን ፕሮግራሙ የሚጠራቸው ሌሎች ትእዛዞች ሁሉ ይወርሱታል፤ የሊብከርሉ ዓይነት ችግር እንደገና የሚወለደው በዚህ ነው።

መስኮቱ ተከፈተ። የመረጃ ቋቱ ኤስኪውላይት ስለሆነ «ፕራግማ ኢንቴግሪቲ_ቼክ» ተሠራ፤ «ኦኬ» አለ። የእሑድ ማታው ደብተር መግባት ጀመረ።

ከደረሰኙ ጋር የመጣው

የመጀመሪያው ደረሰኝ «አትም» ሲባል ፕሮግራሙ ተዘጋ። ኤልዲዲ ምንም እንደማይጎድል ተናግሮ ነበር። የማተሚያው ክፍል ግን ለብቻው የተቀመጠ ተሰኪ ነው፤ ፕሮግራሙ የሚጠራው ሲነሳ ሳይሆን ቁልፉ ሲነካ ነው። እንዲህ ያለውን ኤልዲዲ አያይም። ፕሮግራሙ ኤልዲ_ዲበግ=ሊብስ ከፊቱ ተጽፎለት ሲነሳ ሎደሩ የሚፈልገውን ሁሉ አንድ በአንድ ዘረዘረ፤ ተሰኪው በደረሰኙ ራስ ላይ ያለውን አርማ ለማንበብ ሊብዌብፒ.ኤስኦ.6ን ይፈልጋል፣ በ22.04 ላይ ያለው 7 ነው።

የጠዋቱ ለቀማ ይህን ለምን አመለጠው? ፍለጋው የመሮጥ ፈቃድ ያላቸውን ፋይሎች ብቻ ስላየ ነው። የተሰኪው ፈቃድ 644 ነበር፤ ላይብረሪ ለመጫን የመሮጥ ፈቃድ አያስፈልገውም። ለቀማው መሠራት የነበረበት በፋይሉ መጀመሪያ ባሉት አራት ባይቶች፣ 7ኤፍ 45 4ሲ 46፣ ነው። «ፋይል» የሚባለው ትእዛዝ እነዚህን አይቶ ኤልፍ (የሊነክስ ፕሮግራምና ላይብረሪ የፋይል ዓይነት) መሆኑን ይነግራል፤ ስምም ፈቃድም አያታልለውም።

ሊብዌብፒ6ም በዚያው መንገድ ገባ፣ በተሰኪው ላይም '$ኦሪጂን/../ሊብ' ተቀረጸ። ሊብዌብፒ እ.ኤ.አ. መስከረም 2023 ላይ ብሮውዘሮችን ሁሉ ያሸበረ ከባድ ቀዳዳ የተገኘበት ነው፤ የማሻሻያው ቅጂ ይወሰድ የተባለው ለዚህ ዓይነቱ ነው። እዚህ የሚያነበው አንድ የታወቀ አርማ ብቻ ስለሆነ ከውጭ የሚገባ ሥዕል አያገኘውም።

የኦፕንኤስኤስኤል 1.1.1 ጉዳይ ትንሽ ይለያል። ሠሪዎቹ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2023 ድጋፉን አቁመዋል። የርክክብ ፕሮግራሙ በግሉ የያዘው ሊብክሪፕቶ.ኤስኦ.1.1 የሚያገለግለው የሠራተኞችን የይለፍ ቃል ለመፈተሽ ብቻ ነው። ወደ ኢንተርኔት የሚወጣው በሲስተሙ ሊብከርል፣ ማለትም በኦፕንኤስኤስኤል 3 በኩል ስለሆነ ማሻሻያው ይደርሰዋል። አንድ ፕሮግራም ውስጥ ሁለት ኦፕንኤስኤስኤል አብረው መጫናቸው ያስፈራል፤ እሑድ ማታ ሊንኩን ያጋለጠው የቨርዥን ማኅተም ግን እዚህ እንዳይደባለቁ ይጠብቃቸዋል። ፕሮግራሙ አሮጌውን ሊብኤስኤስኤል ለመረብ ሥራ የሚጠቀም ቢሆን ኖሮ ይህ ጥገና ጊዜያዊ ተብሎ በቀነ ገደብ መያዝ ነበረበት።

ለቀጣዩ ማሳደግ የቀሩ ሁለት ነገሮች ናቸው። በፕሮግራሙ ፎልደር ውስጥ የትኛው ላይብረሪ ከየትኛው ፓኬጅ፣ በየትኛው ቨርዥን እንደመጣና መንገዱ በየትኞቹ ፋይሎች ላይ እንደተቀረጸ የሚናገር አጭር ጽሑፍ ተቀምጧል፤ ያ ባይኖር ወደ 24.04 የሚያሳድገው ሰው እነዚህን ፋይሎች ቆሻሻ መስለውት ሊጠርጋቸው ይችላል። የዩፒኤሱ 12 ቮልት 7 አምፔር-ሰዓት ባትሪም ተቀይሯል፤ አዲስም ቢሆን ኮምፒውተሩን በሥርዓት ለመዝጋት የሚበቃ ጊዜ ይሰጣል እንጂ አንድ ሙሉ ማሳደግ አይሸከምም።